የስፌት ቤታችን ሌባ ተገኘ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለኩርፊያው ንጉሥ፣ ለልጄ አባት፣ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ደህና ናት፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ በሩን ክፍት አድርገው የሄዱበት ቤት ትመስላለች። እናቴም ደህና ናት፤ ስለ እሷ መስማት እንደማትወድ ባውቅም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ትንሽ ወፍሬያለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የሚያበሳጨኝ ሰው አጥቼ ነው መሰለኝ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ነካት?» ሳትል አትቀርም። የእኛን የስልክ ወግ መቼም ታውቀዋለህ። አንተ «እሺ» ትላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ እንደገና «እሺ» ትላለህ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ለልጅህ «መስመሩ ነው» ትላታለህ እንጂ ጣትህ መሆኑን እኔ አጥቼው ነው? ወረቀት ግን አይጮህም፤ አንተም መሃል ላይ መዝጋት አትችልም። ብትቀደው እንኳ ቆይተህ ቁርጥራጩን እንደምትገጣጥመው ጠባይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ራስህን አታድክም፣ ሳትቀደው አንብበው። ትልቅ ወሬ አለኝ።

ሌባው ተገኘ።

አትደንግጥ፣ አንተ አይደለህም። እኔም አይደለሁም። እናቴም አይደለችም! ይኼኛውን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስፌት ቤታችን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሰልፉ ከበራችን አልፎ መድኃኒት ቤቱ ጋ ይደርሳል። አራቱ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጫጫ ይውላል። ወሩ ሲያልቅ ግን መሳቢያው ባዶ ነው። አንተ እኔን ታያለህ፣ እኔ አንተን አያለሁ። አንተ በሆድህ «ገንዘቡ የሚሄደው እናቷ ቤት ነው» ትላለህ፤ እኔ በሆዴ «ከካርታ ጓደኞቹ ጋር ነው የሚጨርሰው» እላለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኛ እኮ እየተጠራጠርን ነው የተመነጠርነው!

ከዚያ ያ የመጋቢት ቀን መጣ። የኪራይ ቀን ነበር። መሳቢያውን ስስበው አንድ የተቀደደ ደረሰኝና ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ አገኘሁ። ለዓመታት ታምቆ የቆየው ሁሉ ገነፈለብኝ። ጡረተኛው ሱሪውን እየለካ፣ ሁለት እናቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሌባ!» አልኩህ። አንተ ሜትሩን ከአንገትህ አውርደህ፣ ጠቅልለህ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው። ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የራሱን ነገር አንተ ታውቃለህ፣ የአፉን ግን እኔ ያን ቀን አየሁት። በሳምንቱ ትልቁ ከተማ ሄደህ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በቆራጭነት መግባትህን ከሰው ሰማሁ።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ንዴት በንዴት ነበሩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልፈታህ ቆርጬ ነበር። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን የጎደለኝ ማስረጃ ብቻ ነበር። ማስረጃውም በእግሩ መጣልኝ።

ያቺን ግራጫ ጉርድ ቀሚስ የሰፋንላትን ሴትዮ ታስታውሳታለህ? ወፍራም መነጽር የምታደርገዋን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን? ሐምሌ ላይ ያንኑ ጉርድ ይዛ ወገቡን ልታሰፋ መጣች፤ ለአምስተኛ ጊዜ። ወገቧን እየለካሁ አንተን አማሁህ። መቼም ሐሜት ትርፍ ቢኖረው ይኼኔ ፎቅ ሠርቼ ነበር። «ባሌ ሙልጭ አድርጎ ሰርቆኝ ሄደ» አልኳት። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችኝ።

«መዝገብ አላችሁ?»

«ሦስት ደብተር ሙሉ!»

«እንግዲያው እሑድ ልምጣና ልየው። የወጣ ገንዘብ የሄደበትን መንገድ ይናገራል።»

እኔ ደግሞ በደስታ ፈነደቅኩ! በቃ፣ አንተ ተያዝክ!

እሑድ መጣች። ጨርቁን ገለል አድርገን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ደብተሮቹን ቅጠል በቅጠል አየች። ያንተ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ የእኔም የሚሻል እንዳይመስልህ። መጨረሻ ላይ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ይኼ ደብተር ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ይናገራል» አለች። «አተረፋችሁ ወይስ ከሰራችሁ የሚለውን ግን አንድም ገጽ ላይ አይናገርም።»

«ገብቶ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ነዋ ትርፉ!»

«ቀብድስ? ሰው ቀብድ ሲሰጥሽ ገንዘቡ የማን ነው?»

«እጄ ከገባ በኋላ የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ልብሱን ሰፍተሽ እስክታስረክቢ የእሱ ነው። እናንተ ግን ለመስከረም ልብስ በተቀበላችሁት ቀብድ የነሐሴን ኪራይ ትከፍላላችሁ። ታዲያ መስከረም ላይ ጨርቁን በምን ትገዙታላችሁ?»

«በዱቤ» አልኳት ቀስ ብዬ።

ራሷን ነቀነቀች። ወይ ጉዴ! ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ስንበላ ኖረን ለካ «ዘንድሮ ገበያ ጥሩ ነው» እንባባል የነበረው በሰው ቀብድ ነው።

ከዚያ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ የሚባለውን ነገር አስተማረችኝ። ስሙ ያስፈራል፤ አትፍራው። ያለቀ ኮትን ስፌት በስፌት መፍታት ማለት ነው፤ ምን ምን ገብቶበት እንደቆመ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ እንደተረዳሁት ልንገርህና እያነበብክ ተከተለኝ፤ መቼም ቁጥር ላይ ከእኔ አትሻልም።

ሸጠን ካስረከብነው ልብስ መቶ ገባ በል። ከሱ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ልብሱ ራሱ የበላው ነው። ጨርቁ ሃምሳ። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር ስድስት። ቀረን አርባ አራት። ይኼ ጥቅል ትርፍ ይባላል። እኔ «እሰይ!» ብዬ ላጨበጭብ ስል «ቆይ፣ ገና ነው» አለችኝ። ቀጥሎ ልብስ ብትሰፋም ባትሰፋም የሚወጣው ይመጣል። የሦስቱ ሠራተኞች ደመወዝ ሃያ። ኪራይ ዘጠኝ። መብራቱ ካውያውን ጨምሮ አምስት። ፌስታሉ፣ መጓጓዣው፣ ግብሩ ምኑ ምናምኑ ሦስት። ሁለት ደግሞ ለመኪኖቹ እርጅና።

«ለምናቸው?» አልኳት።

«መኪናው በየቀኑ ያረጃል አይደል? አንድ ቀን ሲሞት ሌላ በምን ትገዢያለሽ? በየወሩ የሚያረጀውን ያህል እንደ ወጪ ትጽፊያለሽ።»

እኔ በበኩሌ መኪና ሲያረጅ ይጣላል እንጂ ያስከፍላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ብቻ ጻፈችው። ተደምሮ ከመቶው የቀረን አምስት ሆነ። ዘልዬ ተነሣሁ። «ያውና! አየሽ፣ አምስት ተርፏል! መሳቢያው ግን ባዶ ነው! ያቺን አምስት ነው የበላት!»

ሴትዮዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። «የአንቺና የባልሽ ደመወዝ የታለ?»

«እኛማ ባለቤቶቹ ነን፤ ደመወዝ ምን ያደርግልናል?»

«ምን ትበላላችሁ?»

«ከመሳቢያው።»

«የቤት ኪራይስ? የልጅቱስ ትምህርት ቤት?»

«ከመሳቢያው።»

አንተ ለቆራጭነትህ፣ እኔ ለስፌቴ፣ ሌላ ቤት ብንቀጠር የምናገኘውን አስልታ ለእያንዳንዳችን ሰባት ሰባት ጻፈች። አሥራ አራት። አምስት ተርፎ አሥራ አራት ሲወጣበት ምን ይሆናል? ከመቶ ዘጠኝ ኪሳራ! መቶ ባስገባን ቁጥር ዘጠኝ እንከስር ነበር። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ጉዳታችን ይበዛ ነበር ማለት ነው። ያቺን ዘጠኝ ነው በሰው ቀብድና በጨርቅ ነጋዴው ዱቤ ስንደፍናት የኖርነው።

«ታዲያ ባሌስ?» አልኳት።  «ምንም አልወሰደም?»

አሁን ሳቅ አትበል፣ ወይም ሳቅ። ደብተሩን ገለበጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች። «ይኼ ‹መርፌ› የሚለው የማን ጽሕፈት ነው? በአንድ ወር የስድሳ መርፌ ዋጋ። መርፌ ትበላላችሁ እንዴ?» የካርታህ ገንዘብ መሆኑን ወዲያው ገባኝ። «ያው! ያው!» ብዬ ስጮህ ጣቷ ወደ ታች ወረደ። «ይኼስ ‹ጥቁር ክር› የሚለው? በየወሩ አምስተኛው ቀን ላይ ጥቁር ክር፣ ጥቁር ክር፣ ጥቁር ክር።»

ያ ጥቁር ክር የእናቴ መድኃኒት ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ይኸው ነገርኩህ። ስትጠረጥረኝ «በእናቴ ስም!» እያልኩ የማልኩልህ ውሸቴን ነው። ትንሽ ትንሽ እወስድ ነበር። በዚህ ይቅር በለኝ።

እኔ በሐፍረት ስቃጠል ሴትዮዋ ደምራ ደምራ መሳቅ ጀመረች። «የእሱ መርፌና ያንቺ ክር አንድ ላይ ተደምረው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞሉም! ለካውያው መብራት እንኳ አይበቁም። በዚች ነው ትዳር የምታፈርሱት?» አለች።

በቃ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት የጠረጠርኩህ፣ ሰው ፊት ያዋረድኩህ፣ በግማሽ!

«እና ሌባው ማነው?» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

እሷም መልሳ ጠየቀችኝ። «ሦስት ሠራተኛ አላችሁ። ሁለቱ ሴቶች ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሦስተኛው ምን ይሠራል?»

«ዝምታው» የምንለውን ሠራተኛ አትረሳውም መቼም፤ ግድግዳው ጥግ ያለው መኪና ላይ የሚቀመጠውን፣ በዓመት ሦስት ቃል የሚናገረውን ሰውዬአችንን። ሰኞ ጠዋት ጠራሁት።

«ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ጥገና።»

«የምን ጥገና?»

«ማስፋት፣ ማጥበብ፣ ማስረዘም፣ ዚፕ መቀየር።»

«ስንት ያስገባል?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ስድስት ዓመት?»

በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ። ሱቁ በተከፈተበት ቀን አንተ በቀይ ቀለም የጻፍከው አለ አይደል? «እኛ ጋ የተሰፋ ልብስ ዕድሜ ልኩን በነፃ ይስተካከላል።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከንም?»

«አልጠየቃችሁኝማ።»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የባለ መነጽሯ ጉርድ አምስት ጊዜ። የጡረተኛው ሱሪ ከሆዱ ጋር እኩል እያደገ ሰባት ጊዜ። በየዓመቱ ከምንሰፋው አዲስ ልብስ ይልቅ የምናስተካክለው አሮጌ በልጦ ነበር። ዝምታው በዕድሜም በሙያም ስለሚበልጥ ደመወዙ ስምንት ነው። ክርና ዚፑ ሁለት፣ መብራቱ አንድ። ከመቶ አሥራ አንድ በዚያ በር ይወጣ ነበር። ይኼ ነው ሌባው። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በር ላይ የተለጠፈ፣ ስሙን በትልቁ ጽፎ ያስቀመጠ ሌባ!

አሁን የምነግርህ ሳያምህ አይቀርም። ያን ጽሑፍ ለምን እንደጻፍከው አውቃለሁ። ልጅ ሆነህ ሱሪህ አጥሮብህ እናትህ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳህ፣ ሳንቲም ጎድሏት፣ ሰፊው ጨርቁን ፊቷ ላይ የወረወረባትን ቀን ነግረኸኛል። በተጋባን ሰሞን ነው የነገርከኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግመህ አላነሣኸውም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩህም። ስለዚህ ቀለም ቀቢውን የጠራሁት ሦስት ቀን ካመነታሁ በኋላ ነው። አሁን በሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማስተካከል ለሦስት ወር በነፃ። ለተማሪ ልጅ ሁልጊዜ በነፃ።» ሁለተኛውን መስመር ያስጨመርኩት ስለ እናትህ ነው። ባለ መነጽሯም በመግለጫው ላይ ለብቻው መስመር ሰጥታዋለች፤ ከመቶ ሁለት ይወስዳል፣ እንችለዋለን።

የሰዉን ጩኸት ብትሰማ! በተለይ ጡረተኛው። ሱሪውን ለስምንተኛ ጊዜ ይዞ መጥቶ ዋጋ ስነግረው ዱላውን መሬት ላይ መታው።

«ምን? ለማስፋት ገንዘብ? ባልሽ ቢኖር ይኼን አያደርግም!»

«ባሌ የሄደው በእርስዎ ሱሪ ምክንያት ነው» አልኩት።

 ከዚያ ያ ቀን ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። እኔም ዕድሉን አላሳለፍኩትም። በዚያን ቀን ከነበሩት ሁለት እናቶች አንዷ እዚያው ነበረች፤ ሌላዋን ከጎረቤት አስጠራኋት። ሠራተኞቹን መኪና አስቆምኳቸው። ሁሉም ባሉበት ቆሜ፦ «መጋቢት ላይ ባሌን ሌባ ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። አልሰረቀም። ሒሳብ ያላወቅነው ሁለታችንም ነን፤ አፌን የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ስትሄድ የጮህኩትን ያህል። ጡረተኛው «እኔ ምስክር ነኝ» ብሎ ከፈለና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አራት ሱሪ ይዞ መጣ! ለካ ሌላ ቦታ ቢሄድ እጥፍ ነው የሚጠይቁት።

እና ምን ሆነ መሰለህ? ያ ሲበላን የኖረው ጥገና አሁን ያበላን ጀመር። ጨርቅ የለበት፣ ቀብድ የለበት፣ የዝምታው እጅና ክር ብቻ። ዝምታው ራሱ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ቆመ። «ጨምሩልኝ» አለ። ሳይጠየቅ ሲናገር ከስድስት ዓመት ወዲህ ይኼ የመጀመሪያው ነው! ከድንጋጤዬ ብዛት ወዲያው ጨመርኩለት።

በየወሩ የምትልከው ገንዘብም ይደርሰናል። አንድ ቃል ሳይኖርበት፣ አንድ ቀን ሳያልፍ፣ በሰላሳኛው ቀን። እኔ ሞኟ መሳቢያው ውስጥ ከሽያጩ ጋር ቀላቅዬው ነበር። ባለ መነጽሯ ለይታ አወጣችው። «ይኼ ሽያጭ አይደለም። ስፌት ቤቱ አላስገባውም» አለች። «ታዲያ የምን ገቢ ልበለው?» ብላት፣ «እሱን እንኳ ባልሽን ጠይቂው» አለችኝ። አሁን በልጅቱ ስም ለብቻው ተቀምጧል። እና ይኸው ጠየቅኩህ፤ ምንድን ነው እሱ?

ነሐሴ ላይ ሥራው ሲበዛብኝ ቆራጭ ቀጠርኩ። ሴት ናት። እንዳትቀየመኝ እንጂ ጨርቅ ታብቃቃለች፤ አንተ አርባ የምታወጣበትን እሷ አርባ ሦስት ታወጣበታለች። አንተ ስትቆርጥ ስለምትዘፍን ይሆናል። የጨርቅ ነጋዴው ዱቤም ግማሹ ተከፍሏል። ቀብድ ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ልብሱ እስኪወጣ አልነካውም፤ እጄን ይበላኛል፣ ግን አልነካውም።

ትናንት ባለ መነጽሯ የጥቅምትን መግለጫ ይዛ መጣች። የሠራተኛው፣ የቆራጯ፣ የእኔም ደመወዝ ተከፍሎ፣ የመኪናው እርጅና ሳይቀር ተቀንሶ፣ የተጣራ ትርፍ፣ ከመቶ ስድስት። የሱቁ የመጀመሪያ እውነተኛ ትርፍ! ዝምታው እንኳ ጥርሱን አሳየ። ሁላችንም ስንሳሳቅ ቆየንና ሠራተኞቹ ወደየመኪናቸው ሲመለሱ ሴትዮዋን ጠጋ አልኳት።

«አንድ ነገር አስይልኝ። ባሌ ቢመለስና ደመወዙ ቢገባበት ምን ይሆናል?»

እርሳሷን አነሣች። «ስድስት ትርፍ አለሽ። የእሱ ደመወዝ ሰባት ነው። ከመቶ አንድ ትከስሪያለሽ። ለዚህ ሥራ ሁለት ቆራጭ ይበዛል። ሴትየዋን ካላሰናበትሻት በቀር።»

«አላሰናብታትም። ሁለት ልጅ ታሳድጋለች።»

«እንግዲያው ኪሳራ ነው።»

«ይሁን፣ ጻፊው።»

መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ሴትዮ! አራት ወር ሙሉ ስደክምብሽ የከረምኩት ተመልሰሽ እንድትከስሪ ነው?»

«ስማርልሽ የከረምኩትማ እሱ ቢመጣ ስንት እንደሚያስወጣኝ ለማወቅ ነው» አልኳት። «ከመቶ አንድ ከሆነ ረክሶልኛል።»

እንግዲህ ሰማህ። የምጠራህ ሱቁ ተቸግሮ እንዳይመስልህ፤ ሱቁ ያለ አንተ ያተርፋል፣ ወረቀቱም ይኼው አብሮ ተልኮልሃል፣ ቁጭ ብለህ እየው። የምጠራህ እኔ ነኝ። ናፍቀኸኛል። ና።

አምላክ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፣ እጅህ አይዛል፣ ዓይንህ አይድከም። ልጅህ ባልወለቁት ጥርሶቿ ስማሃለች።

ያቺው ጯሂዋ ባለቤትህ